የመተማው ደራሲና ቀይ ቀለሙ

«በማን ስም ልፈርምልዎ፣ እማማ?» አለኝ ወጣቱ።

ገንዳ ውሃ መናኸሪያ በር ላይ ነን። የልጅ ልጄን ወደ ጎንደር ሸኝቼ ባጃጅ እየጠበቅሁ ነበር። የሰሊጥ ወቅት ስለሆነ መንገዱ በጭነት መኪና ተጨናንቋል፤ ረዳቶቹ «ጎንደር! ጎንደር በአንድ ሰው!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ። ወጣቱ ከባድ የሸራ ቦርሳ አንግቦ በሰው መሃል እየተሹለከለከ መጣና አንድ መጽሐፍ አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። አዟሪ መስሎኝ «ሂድ ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል» አልሁት። «አዟሪ አይደለሁም እማማ፤ ደራሲው ራሴ ነኝ። አሳታሚውም ራሴ ነኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጠይቅ ማለፍ አይሆንልኝም፤ እናቴ «ይቺ ልጅ ሞትንም ከየት መጣህ ብላ ደጅ ላይ ታቆመዋለች» ትል ነበር። ያዝሁት እንግዲህ። መጀመሪያ የሚያነብልህ ማን ነው? መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው በእውን የነበረ ነው ወይስ ከራስህ አወጣኸው? ስሙንስ እንዴት መረጥህለት? ሚስት አለችህ? አትቆጣም? ላብ በላብ ሆኖ «ጋዜጠኛ ነበሩ እንዴ እማማ?» አለኝ። ስቄ ገዛሁት። እስክሪብቶውን አውጥቶ የፊተኛውን ገጽ ገለጠና ያን ጥያቄ የጠየቀኝ ያኔ ነው። በማን ስም ልፈርምልዎ። ክው ብዬ ቀረሁ።

ደራሲም አሳታሚም የሆነ ሰው ሳይ ይኼ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያየሁት መተማ ነው፣ ጣሊያን ገብቶ ገና ሳይወጣ። ስንተኛው ዓመት ላይ እንደነበር አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በለበስሁት ልብስ ነው። ያኔ ብርቱካንማ የሱዳን ቶብ ነበረኝ፣ ጠርዙ አረንጓዴ፤ ከቀሚሴ ላይ ጠምጥሜው ስሄድ የገበያው ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ወንዶቹ ጀለቢያ ለብሰው ከላዩ ጋቢ ይደርባሉ፤ በዚያ ሙቀት! ከደጋ የወረደ ሰው ጋቢውን ከሚጥል ቆዳውን ቢገፈፍ ይመርጣል። በአንድ ጠገራ ብር ወፍራም ሙክት ገዝታችሁ መልስ ትቀበላላችሁ። የጣሊያንን ሊሬ ግን ማንም አይወደውም ነበር፤ «ወረቀት ደግሞ ምን ገንዘብ ነው» ይላል ሰው። ከታች ወንዟ አለች፤ ወንዝ ብትሉ በጋ ላይ አህያ ሰኮናዋን ሳታርስ የምትሻገራት። ወዲያ ማዶ የሱዳኗ ገላባት፣ እንግሊዝ፤ ወዲህ እኛ፣ ጣሊያን። ሰዉ ግን ጠዋት እዚህ ሸጦ ማታ እዚያ ያድራል።

ከወንዟ ሽቅብ የሚመጣው መንገድ ሲታጠፍ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ከሾላው በስተቀኝ የሀጂ ኢድሪስ ሱቅ፣ በስተግራ በሽመል የተሠራች የእኔ ሻይ ቤት። ሀጂ ኢድሪስ ከስኳር እስከ መርፌ የማይሸጡት ነገር የለም፤ ግራሞፎንም ነበራቸው። መርፌዋ አንዲት ብቻ ስለነበረች በየጊዜው በድንጋይ ይስሏታል፤ የሱዳኑ ዘፋኝ ጉንፋን የያዘው እየመሰለ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉርልን ነበር። እኔ ሻይና የሁመር ጭማቂ እሸጣለሁ፤ ያ ጎምዛዛ ነገር በቀትር ሙቀት ነፍስ ይመልሳል። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ወንድ ልጅ አልወለድለት ሲል እኔን ፊደል አስቆጥሮ ዳዊት አስደገመኝ። በዚያን ጊዜ መተማ ውስጥ ማንበብ የምትችል ሴት እኔ ዘርፌ ብቻ ነበርሁ ብል የሚከራከረኝ የለም፤ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ባሌ ጫኔ ግመል ነጂ ነጋዴ ነው፤ ከወዲያ ጨርቅና ስኳር፣ ከወዲህ ሙጫ ያመላልሳል። ፊደል የሚባል አያውቅም። ሲስቅ ግን ግመሎቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩታል። ገና ሙሽሮች ነበርን፤ እወደው ነበር፣ ምን አፍራለሁ በዚህ ዕድሜዬ።

ያ የመጀመሪያው ደራሲ፣ አያ ዳኘው፣ የጎንደር ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዳዊቱን፣ ድርሳኑን፣ ተአምሩን እየገለበጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከተማው በጣሊያን ሲያዝ አንድ አህያ ብራና ጭነው ቆላ ወረዱ፤ ብራናው በመተማ ሙቀት ተጠቅልሎ እንደ ጆሮ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከሀጂ ኢድሪስ ወረቀት እየገዙ ሾላው ሥር ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። ለነጋዴ አቤቱታ የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ ከቀን ቀን እየጨመረ ሲሄድ ግን ማን ነው ይኼን ሁሉ የሚያመለክተው? ሻይ ይዤላቸው ሄድሁ።

«ምን ይጽፋሉ አያ?»

«ያልሆነ ነገር።»

«ውሸት ማለትዎ ነው?»

«ውሸትማ ሰው አምኖ እንዲቀበልሽ የምትናገሪው ነው። እኔ እንዳታምኚኝ እየነገርሁሽ ነው የምጽፈው» አሉኝና ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ቀጠሉ።

እንቅልፍ አጣሁ እኮ! ሰው እንዳይታመን ብሎ ወረቀት ይጨርሳል? በዚያን ጊዜ እኛ የምናውቀው ጽሑፍ ወይ የእግዚአብሔር ነው፣ ወይ የመንግሥት ነው፣ ወይ የዘመድ ደብዳቤ ነው። አራተኛ ዓይነት መኖሩን ማን ነግሮን? የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ጌታዋን ጥላ ወደ ተወለደችበት አገር ስለምትመለስ ግመል ነበር። ማንም አልገዛውም። ሀጂ ኢድሪስ «ግመል ገዝቼ አውቃለሁ፣ ግመል አንብቤ ግን አላውቅም» ብለው መለሱላቸው። ሁለተኛው ስለ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነው፤ ይኼኛውን እኔ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ሻይ ቤቴ አንገረብ ላይ ሲጋደም፣ ጮክ ብዬ አነበብሁት። አንገረብ ያ በጠፍር የተጠለፈው የሱዳን አልጋ ነው። የዚያን ቀን ማንም እንቅልፍ አልወሰደውም። «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይላሉ፤ ሻዩ አለቀ፣ ሁመሩ አለቀ፣ «ነገ ነው የሚቀጥለው» ስላቸው ሊመቱኝ ደረሱ። አያ ዳኘው ከሾላው ሥር ሆነው ይሰማሉ። ሰው ሲስቅ ቀና፣ ሰው ሲያዝን ቀና ይላሉ። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰውየው የሚፈልጉት ሊታመኑ ሳይሆን ሊሰሙ ነው።

አሳታሚ መሆናቸውስ? እሱ እንዲህ ነው። መጽሐፉን ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ደብተራ እንግዳ የሚባሉ እንደሳቸው ከደጋ የወረዱ ሰው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሆነው ይገለብጣሉ። ቀለሙን ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ይበጠብጣሉ፤ ሙጫ ደግሞ በኛ አገር እንደ አፈር ነው። ሽፋኑስ? ስኳር በዚያ ጊዜ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ ብሎ፣ በወፍራም ሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው። ሀጂ ኢድሪስ ያን ወረቀት ያስቀምጡላቸዋል፤ እሳቸው በጅማት ይሰፉታል። የአያ ዳኘው መጽሐፍ ሁሉ ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም ይጣፍጣል። ጉንዳን እየመጣ ስንቱን በላብን! እኔ ሻይ ስቀዳ ጉንዳን ማራገፍም ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው፣ «የእርስዎ ስም የት አለ አያ? መጽሐፉን አገላበጥሁት፣ የለም።» ጺማቸውን እየነካኩ «ጸሐፊ ስሙን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው፣ በደቃቁ፣ ኃጢአተኛውን አስቡኝ ብሎ። ይኼ የጸሎት መጽሐፍ አይደለ። ምን ብዬ አስቡኝ እላለሁ? ነውር ነው» አሉኝ። ደግሞ ወደ ወንዙ እያዩ «ቢጻፍ ግን ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። እንዴት እንዳሳዘኑኝ! ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲመኝ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ነው ጉዱን ያመጣው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሽታዬ የምትባል ልጅ ይወዳል፤ አባቷ ማዶ ላለ ሹም ይድራታል፤ ሰውየው ከምሽግ ዘበኛ ራስጌ ጠመንጃ አንሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ያመጣታል። ታዲያ አያ ዳኘው ለዚህ ሰው ስም መምረጥ አቃታቸው። በየቀኑ ሻይ ቤት እየመጡ ይማከሩኛል። «አስረስ ብለው ምን ይመስልሻል?» «አስረስ የሚባል ሸሕዲ ላይ የጫኔን አህያ ሰርቋል፤ አይሆንም።» «ተስፋሁንስ?» «ተስፋሁን ሽሮ እንጂ ሴት የሚያስከትል ስም አይደለም።» ሳቁ፤ ግን መወሰን አልቻሉም። «የሰውየው ስም ከልክ ካልሆነለት ጠቅላላው አይቆምም» ይላሉ። ስለዚህ ለጊዜው ስሙ የሚገባበት ሁሉ ላይ «እገሌ» ብለው ጻፉ። ገዢዎቹ ተዘጋጅተው ነበርና ለደብተራ እንግዳ «ጀምሩት፣ ስሙን እነግራችኋለሁ» ብለው ሰጧቸው። በማግስቱ ወባ ጣላቸው። እንዲያ ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ስንት ቀን ተኙ፤ እኔ ኪኒን ከገላባት አስመጣሁላቸው።

ደብተራ እንግዳ ታዲያ ሥራቸውን ሠሩ። በቤተ ክህነት ልማድ የጸሎት መጽሐፍ ሲገለበጥ፣ ዋናው ላይ «አገልጋይህን እገሌን ጠብቀው» የሚል ካለ፣ እገሌ በሚለው ቦታ የገዢው ስም በቀይ ቀለም ይገባል። መጽሐፉ ለሌላ ሲሸጥ ስሙ ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይሞላል። ደብተራው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ይኼን ነው። እገሌን ባዩበት ሁሉ ገዢው ማን እንደሆነ ጠየቁና ስሙን በቀይ አሳምረው ሞሉ። በሀጂ ኢድሪስ መጽሐፍ ሀጂ ኢድሪስ፣ በዶሮ ነጋዴው በካሳ መጽሐፍ ካሳ፣ በየአንዳንዱ የየራሱን።

እኔ የሀጂ ኢድሪስን ተቀብዬ በቀትር ማንበብ ጀመርሁ። «ሀጂ ኢድሪስም ሽታዬን ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትወጣ አያት፤ ልቡም ደነገጠ።» ሀጂ ከአንገረቡ ተነሥተው ተቀመጡ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ትንሽ አሰቡና «እሺ… ቀጥይ እስቲ» አሉኝ። የካሳ ሚስት ደግሞ የካሳን መጽሐፍ ካህን አስነብባ ኖሮ፣ ዘነዘና ይዛ መጣች። «ሽታዬ የምትባለዋ ማናት? ውጪልኝ! ባሌን በመጽሐፍ አስጽፋ የወሰደችው ማናት?» ትላለች። ካሳ ከኋላዋ ሆኖ «በሞቴ አላውቃትም» እያለ ይምላል፤ ዐይኑ ግን ደስ ብሎታል። አያ ዳኘው ከነትኩሳታቸው ጋቢ ተከናንበው እየተንገዳገዱ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «እንግዳ! ምን አደረግኸኝ?» ደብተራው ተገርመው «እገሌ ብለው ጻፉ፤ የባለቤቱን ስም አስገባሁ። ምን አጠፋሁ?» አሉ። አያ ዳኘው ሁሉንም ሰብስበው ሊያቃጥሉ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ሰዉ ጎረፈ። ከሸሕዲ፣ ከኮኪት፣ ከማዶ ከገላባት ሳይቀር «ለእኔም አድርጉልኝ፣ በስሜ» የሚል ሆነ። ለካ ሰው ሁሉ ጠመንጃ አንሥቶ ወንዝ መሻገር ኖሯል የሚያምረው! ሴቶቹ እንኳ አልቀሩም፤ ውሃ ሲቀዱ እንዲህ እያሉ ይዘፍኑ ነበር፦

ስሜን አስገቡልኝ ከመጽሐፉ መሃል፣
በውኔ ባላገኝ ይብቃኝ የቀለም ባል።

እኔም ዘፍኛለሁ፣ ባል እያለኝ።

ይኼ የአያ ዳኘው ደጉ ዘመን ነው። አዲስ ጀለቢያ ገዙ፣ መነጽር ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ አስመጡ። ገዳሪፍ ማተሚያ ቤት መኖሩን ሲሰሙ አንዱን ቅጂ በሀጂ ግመል ላኩት፤ «በማሽን ቢታተምስ ዘርፌ? አስቢው፣ ሺህ ሆኖ!» እያሉ መንገድ መንገድ ሲያዩ ከረሙ። ተመልሶ መጣ። ማተሚያ ቤቱ የአረብና የእንግሊዝ ፊደል እንጂ የአማርኛ የለውም። ወረቀቱን ተቀብለው፣ ጉንዳኑን አራግፈው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጫኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን በስሙ አስገልብጦ ለእኔ አመጣልኝ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንቺ ስታነቢው ግን በወንዙ እንዳሻገርሁሽ ይሰማኝ» አለኝ። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ በላይ የተነገረኝ ፍቅር የለም።

ከዚያ ከጣሊያን ምሽግ ጠመንጃ ጠፋ። በእውን ነው፣ ከዘበኛ ራስጌ። ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። የጣሊያኑ አስተርጓሚ ሦስት ወታደር አስከትሎ ሻይ ቤቴን ገለባበጠው፤ ቶቤን ሳይቀር አራገፈው። ሰማያዊውን መጽሐፍ አገኘ። ገለጠ። ቀዩ ስም ዐይኑ ውስጥ ገባ፤ በየገጹ ጫኔ፣ ጫኔ፣ ጫኔ። አነበበው ለጣሊያኑ ካፒቴን፤ «ጫኔም ከዘበኛው ራስጌ ጠመንጃውን አነሣ።» ጫኔን ግመል እያጠጣ አገኙት፤ እጁን አስረው ወሰዱት። ሰኞ በካሚዮን ወደ ጎንደር ሊልኩት ነው ተባለ። ያኔ ጎንደር የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል። ባሌን ሊሰቅሉት ነው።

ሮጬ አስተርጓሚው ዘንድ ሄድሁ። «ጌታዬ፣ ይኼ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሰው ያሰበው ነው» አልሁት። ሳቀብኝ። «ማን ነው ያሰበው? ስሙ የታለ? እኔ ያየሁት ስም አንድ ነው፣ የባልሽ» አለኝ። የአያ ዳኘውን ስም አውጥቼ ልስጠው? አልሰጠሁትም። ወጣሁና አንድ ነገር አሰብሁ፤ ሌሎቹን መጻሕፍት ሰብስቤ ባሳየው፣ ሁሉም በየስሙ ጠመንጃ ማንሣቱን ቢያይ፣ ይገባው ይሆናል። የማን ቤት አልሄድሁም! አንዱ አቃጥሎታል፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎታል። የካሳ ሚስት «ለምድጃ ሆነ፣ ተመስገን» አለችኝ። ሀጂ ኢድሪስ በሱቃቸው ጓዳ ስሙን በምላጭ እየፋቁ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ይኼን ወስጄ ባሳይ እኔ ከባልሽ ጎን እቆማለሁ እንጂ ባልሽ አይወጣም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሾላው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እንዲያው ድምፄን አውጥቼ፣ በገበያው መሃል።

አያ ዳኘው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሁሉን ነገርኋቸው። «ቀዩን ቀለም አምጪልኝ» አሉ። የቀለሙን ቀንድ አመጣሁ። ከቦርሳቸው የራሳቸውን፣ ዋናውን፣ እገሌ የሚለውን አወጡ። በካራ ጫፍ እገሌን ቀስ አድርገው ፋቁና ጻፉበት። ተንጠራርቼ አየሁ፤ ዳኘው ይላል። የሚቀጥለውን ፋቁ፤ ዳኘው። የሚቀጥለውን።

«ምን እያደረጉ ነው አያ?»

«ስም መረጥሁለት» አሉኝ።

ክንዳቸውን ያዝሁ። «ተዉ፣ አፈር ስሆን ተዉ» አልሁ። ባሌን እፈልጋለሁ፤ እሳቸውንም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም። እጄን ቀስ አድርገው አነሡና «አንቺ ባልሽ አለሽ። እኔ ያለኝ ይኼ ሰው ነው፤ ያለ ስም ሊቀር ነው ብዬ ስንት ሌሊት ተጨንቄበታለሁ» አሉ። ገጹን ሁሉ ጨረሱ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ከላይ፣ በትልቁ፣ «ይህን መጽሐፍ ዳኘው ጻፈው» ብለው ጻፉ። ራቅ አድርገው አዩት። «እንዴት ነው፣ ያምራል?» «ያምራል» አልሁ። ያምር ነበር። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ቀይ ፊደል በሕይወቴ አላየሁም፤ እንባዬ እየወረደ እንኳ አየሁት።

ደብተራ እንግዳን አስከትለው ወደ ምሽጉ ወጡ። ደብተራው ለአስተርጓሚው ልማዱን አስረዱት፤ በቅጂ ላይ ያለ ስም የገዢ ስም ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከዋናው ነው አሉት። አስተርጓሚው በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ኖሮ ገባው። ዋናውን ገለጠ። አያ ዳኘው «እኔ ነኝ» አሉ። ጫኔን ለቀቁት፤ እሳቸውን አስቀሩ። ሰኞ ጠዋት ካሚዮኑ በሾላው በኩል ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ ሀጂ ግራሞፎኑን ዘግተዋል። አያ ዳኘው ከላይ፣ የጎኑን እንጨት ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው «ዘርፌ! የአራተኛውን መጽሐፍ መጨረሻ አገኘሁት እኮ!» አሉኝ። «ምንድን ነው?» ብዬ ጮህሁ፤ አቧራው በላኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ምን እንደነበር አላውቅም። መጀመሪያውንስ መቼ ነግረውኝ!

ከዚያ መድፍ መጣ፣ አውሮፕላን መጣ፣ መተማ ተቃጠለ፣ ሻይ ቤቴም ሾላውም ሄደ፤ ጣሊያንም ወጣ። እኔ መጠየቅ አላቆምሁም። አንዱ ጭልጋ ጠመዝማዛው ላይ ከካሚዮን ዘለሉ አለኝ። አንዱ ጎንደር እስር ቤት አየኋቸው፣ ለእስረኞች ተረት ያወሩ ነበር አለኝ። አንድ ግመል ነጂ ደግሞ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ ሐበሻ ሽማግሌ የአማርኛ ፊደል ከእርሳስ ሲያቀልጥ አይቻለሁ ቢለኝ፣ ጫኔን አስነሥቼ ሄድን። ሽማግሌውን አገኘነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ተላጭቶ ተመለሰ ጫኔ፣ ምን ይደረግ። ጫኔንም ስጠይቀው ኖሬአለሁ፤ «ያን ጠመንጃ አንተ ነህ ያነሣኸው?» እለዋለሁ። «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብሎ ይስቃል። እያሳቀኝ፣ ሳይነግረኝ ሞተ፤ ነፍሱን ይማርና።

የሀጂ ኢድሪስ ልጅ ግን ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ነገር አመጣችልኝ። አባቷ በምላጭ የፋቁት መጽሐፍ ነው። ወረቀት እንደ ብራና አይደለም፣ ባልለመደ እጅ ሲፍቁት ይበሳል፤ ስሙ በነበረበት ሁሉ ቀዳዳ ሆኗል። ሰማያዊ ሽፋኑን ጉንዳን ግማሹን በልቶታል። ሳጥኔ ውስጥ ከብርቱካንማው ቶቤ ቁራጭ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ዐይኔ ደህና በነበረ ጊዜ ለልጆቼ አነብላቸው ነበር፤ ቀዳዳው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ዳኘው እላለሁ።

«እማማ? ደህና ነዎት?» አለኝ ወጣቱ። እስክሪብቶው አሁንም ገጹ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የጎንደሩ አውቶቡስ ሄዶ አቧራው ብቻ ቀርቷል።

«ቀይ አለህ?» አልሁት።

ግራ ገባው። ግን ደግ ልጅ ነው፣ ወደ ትኬት ቆራጩ መስኮት ሮጦ ቀይ ለምኖ መጣ። «እሺ፣ በማን ስም?»

«ዳኘው በል።»

ጻፈ። አጻጻፉ ደህና ነው፣ እንደ አያ ዳኘው ባይሆንም። «ልጅዎ ነው እማማ?»

«ደራሲ ናቸው» አልሁት። «አሳታሚም ራሳቸው።»

ዐይኑ በራ። «ውይ! እዚህ አገር ሰው? መጽሐፋቸው የት ይገኛል?»

አየሁት። ቦርሳው ትከሻውን አጉብጦታል፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል።

«እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልሁት። «ያ የምታሳትምበት ማተሚያ ቤት፣ የአማርኛ ፊደል አለው?»

ሳቀ። «ምን ማለትዎ ነው እማማ? አለው እንጂ! ከአማርኛ ሌላ ምን አለው?»

«እንግዲያው ባጃጅ ጥራ» አልሁት፤ «ቤት እንሂድ።»